ገንዘቡ ስልክ ውስጥ ሲገባ ምስክሩ የት ሄደ?

በየወሩ በ28ኛው ቀን የሬሖቮት ባንኮች በር ላይ የሚታየው ሰው ከሌላው ቀን ይለያል። የቢቱዋሕ ሌኡሚ የአረጋውያን ጡረታ የሚገባው በዚያ ቀን ነው። ከቂርያት ሞሼ ሰፈር ነጠላ የደረቡ እናቶችና ከዘራ የያዙ አባቶች ገና በማለዳ ወደ ከተማው መሀል ይወርዳሉ። አንዳንዱ ካስፖማቱ አጠገብ ቆሞ የሚያምነውን ሰው ይጠብቃል፤ ልጁን፣ የልጅ ልጁን ወይም የጎረቤት ልጅ። ገንዘቡ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ በመሐረብ ይቋጠራል። ከዚያ በኋላ ነው ወሩ ጀመረ የሚባለው። ገንዘቡን በዓይናቸው አይተው በእጃቸው ካልቆጠሩ "ገብቷል" የማይሉ ብዙ ናቸው።

ታዲያ ይህ ልማድ ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ሄዷል። ባንኮች በመላ አገሪቱ ቅርንጫፎቻቸውን እየቀነሱ ነው። ክፍት በሆኑት ቅርንጫፎችም ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ አማርኛ አያውቅም። የአውቶቡስ ክፍያ በካርድና በስልክ ሆኗል። በሠርግና በልደት ወጣቶቹ ፖስታ መስጠቱን ትተው በቢት ወይም በፔይቦክስ ይልካሉ። የሐዘን ቤት መዋጮ እንኳ በዋትሳፕ ቡድን ተነግሮ በስልክ የሚሰበሰብበት ጊዜ መጥቷል።

ስለዚህ ጉዳይ በማኅበረሰቡ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። ወጣቱ "ዘመኑ ነው፣ ልመዱት" ይላል። ሽማግሌው "እኔ በእጄ የያዝኩትን ብቻ ነው የማምነው" ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ዋናውን ነገር ስተዋል። ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ ወረቀት ነው ወይስ ቁጥር የሚለው አይደለም። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ማን ያያል? ማን ይመሰክራል? ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? ጥያቄው ይህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በመጀመሪያ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። በእስራኤል ከጥሬ ገንዘብ መራቅ የወጣቶች ፋሽን ብቻ አይደለም፤ ሕግም አለው። የጥሬ ገንዘብ አጠቃቀምን የሚቀንሰው ሕግ በ2018 በክኔሴት ጸድቆ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መጀመሪያ ለንግድ ክፍያ የተፈቀደው ጣሪያ 11,000 ሸቀል ነበር። ከኦገስት 2022 ወዲህ ወደ 6,000 ሸቀል ወርዷል። ከዚያ በላይ ዋጋ ላለው ነገር በጥሬ ገንዘብ መክፈል የሚቻለው የዋጋውን አሥር በመቶ ወይም 6,000 ሸቀል ነው፤ ከሁለቱ የሚያንሰው።

በምሳሌ እንየው። አንድ አባት ለልጃቸው ሠርግ አዳራሽ በ40,000 ሸቀል ተዋዋሉ እንበል። ዓመታት ያጠራቀሙት ገንዘብ ቤት ውስጥ አለ። ሕጉ በጥሬው እንዲከፍሉ የሚፈቅድላቸው 4,000 ሸቀል ብቻ ነው። ቀሪው በባንክ፣ በአሽራይ ወይም በቼክ መሄድ አለበት። ነጋዴ ባልሆኑ ሁለት ሰዎች መካከል በሚደረግ ውል ደግሞ ጣሪያው 15,000 ሸቀል ነው። ቅጣቱ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ከፋዩንም ይመለከታል። በቅርብ ቤተሰብ መካከል የሚደረግ ስጦታ ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው። ይህን የማያውቁ ብዙ አባቶች ግን ለልጃቸው ገንዘብ መስጠት እንኳ የተከለከለ መስሏቸው ይጨነቃሉ።

የሕጉ ዓላማ የተደበቀ ገቢን፣ ግብር ማጭበርበርንና የወንጀል ገንዘብን መያዝ ነው። ዓላማው ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ሁሉንም ሰው ወደ ባንክና ወደ ስልክ ሲገፋ፣ ማንበብና መጻፍ በየትኛውም ቋንቋ ያልተማረችውን የሰባ አምስት ዓመት እናት ማን ያስተምራት የሚለውን ጥያቄ አልመለሰም። የተገፋው ሰው በጨለማ እንዳይሄድ መብራት መስጠት የገፊው ግዴታ ነው።

ገንዘብ ሲለወጥ ያዩ ሰዎች

ሽማግሌዎቹ ለውጥ የሚፈሩ ተደርገው መታየታቸው ትክክል አይደለም። ከነሱ የበለጠ የገንዘብ ለውጥ ያየ ሰው በዚህ አገር ጥቂት ነው። አባቶቻቸው በጎንደርና በስሜን ገበያ በማርትሬዛ ብር ሲገበያዩ የነበሩ ናቸው። ራሳቸው በንጉሡ ዘመን የጃንሆይ ምስል ያለበትን ወረቀት ይዘዋል። በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደርግ ያን ለውጦ አዲስ ብር ሲያወጣ አሮጌውን አስረክበው አዲሱን ተቀብለዋል። በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ወደ እስራኤል የገቡት ደግሞ እግራቸው መሬት ሳይረግጥ ሌላ ለውጥ ጠበቃቸው። የዋጋ ንረቱ አገሩን ሲያናውጥ ቆይቶ በሴፕቴምበር 1985 አዲሱ ሸቀል መጣ። ሺህ የነበረው አንድ ሆነ፤ ሦስት ዜሮ ተቆረጠ። ቋንቋ ሳይችሉ፣ ዘመድ ሳይጠግቡ፣ ያንንም ለመዱት።

ስለዚህ ችግሩ መልመድ አለመቻል አይደለም። ከማርትሬዛ እስከ አዲሱ ሸቀል ድረስ አንድ ነገር አልተለወጠም ነበር፤ ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ፊት ነበር። ሻጭና ገዢ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ከባድ ነገር ከሆነ ሽማግሌ ይቀመጣል። ብድር ከሆነ ዋስ ይጠራል።

ዕቁብን ማሰብ ይበቃል። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የሚወጣው ሁሉም እያየ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን ይዞ አይሄድም። ይህን ሁሉ ያደረጉት አባቶች እርስ በርስ የማይተማመኑ ስለነበሩ አይደለም። መተማመን የሚጸናው ምስክር ሲኖረው መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። በዛሬው ቋንቋ "የክፍያ ደኅንነት" የሚባለውን ነገር እነሱ ያለ ኮምፒውተር ሠርተውታል።

ስልክ ይህን ነው ያፈረሰው። በስልክ የሚከፍል ሰው ብቻውን ነው። አንድ ጣት፣ አንድ ቅጽበት፣ በቃ። ሌባውም የሚፈልገው ያቺን ብቸኛ ቅጽበት ነው።

ሌባው በየት ይገባል?

ብዙ ሰው የስልክ ሌባ ሲባል የባንኩን ካዝና በኮምፒውተር የሚሰብር ልጅ ይታየዋል። እንዲህ ያለ ሌባ አለ፤ ግን ባንኮች ለሱ ብዙ አጥር አጥረዋል። ከሽማግሌዎቹ ገንዘብ የሚወስደው ሌላ ዓይነት ነው። እሱ አጥር አይሰብርም፤ ባለቤቱ ራሱ በሩን እንዲከፍትለት ይለምናል።

መንገዱ ብዙ አይደለም። አንዱ በሚስሮን ይመጣል። "ፖስታ ቤት ጥቅል መጥቶልዎታል፣ ለቀረጥ ጥቂት ሸቀል ይክፈሉ" ይላል። ወይም "የመንገድ 6 ዕዳ አለብዎት"፣ ወይም "ቢቱዋሕ ሌኡሚ ተጨማሪ ገንዘብ ፈቅዶልዎታል፣ እዚህ ይጫኑ" ይላል። የሚጠየቀው ብር ትንሽ ስለሆነ አያስጠረጥርም። ሌባው ግን አሥር ሸቀሏን አይደለም የፈለገው፤ እሷን ለመክፈል የሚጻፈውን የአሽራይ ቁጥር ነው።

ሌላው በድምፅ ይመጣል። "ከባንኩ ደኅንነት ክፍል ነው፤ ገንዘብዎ እየተሰረቀ ነው፤ ቶሎ ይበሉ" ይላል። ስምና የመታወቂያ ቁጥር ሳይቀር ይጠራል። ሽማግሌው ይደነግጣሉ። በድንጋጤው መሀል "አሁን በስልክዎ የሚመጣውን ኮድ ይንገሩኝ" ይባላሉ። ያ ኮድ ቁልፉ ነው። እሱን መንገር ማለት ሌባው በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ሲጠይቅ በመስኮት መወርወር ማለት ነው።

ሦስተኛው በዘመድ ስም ይመጣል። ዋትሳፕ ላይ "እማ፣ ስልኬ ወደቀብኝ፣ ይህ አዲሱ ቁጥሬ ነው፣ አንድ ነገር ልከፍል ነበር" ይላል። ወይም ከሚታወቅ ሰው ቁጥር "በስህተት ስድስት ቁጥር ወደ አንተ ስልክ ልኬ ነበር፣ መልስልኝ" የሚል ይመጣል። ቁጥሩን የመለሰ ሰው ዋትሳፑ ይወሰድበታል። ከዚያ በሱ ስም ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ የገንዘብ ልመና ይበተናል። በኛ ማኅበረሰብ አንድ የዋትሳፕ ቡድን ውስጥ መቶና ሁለት መቶ ዘመድ አለ፤ እሳቱ በፍጥነት ይዛመታል።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገማል፤ ጥድፊያ። "አሁኑኑ፣ ቶሎ፣ ለማንም ሳይነግሩ።" እውነተኛ ባንክ ሚስጥር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም። "ለልጆችዎ አይንገሩ" የሚል ፖሊስም የለም። ገንዘብ ልላክልዎ የሚል ሰው የካርድዎን የጀርባ ቁጥርና በሚስሮን የመጣውን ኮድ ከጠየቀ፣ ሊሰጥ ሳይሆን ሊወስድ ነው የመጣው። አባቶች ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ለልጅ የተሰጠ ሚስጥር

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በብዙ ቤት የእናት የአሽራይ ሚስጥር ቁጥር በልጅ ልጇ ስልክ ተመዝግቧል። አንዳንዴ ካርዱ ጀርባ ላይ በብዕር ተጽፏል። አንዳንዴ ስልኩ ራሱ ከልጁ ጋር ነው የሚውለው። ይህ የሚሆነው በፍቅርና በችግር ነው። ማሽኑ ዕብራይስጥ ይናገራል፤ ልጁ ዕብራይስጥ ያውቃል፤ ምን ይደረግ?

ብዙዎቹ ልጆች ታማኞች ናቸው። አያታቸውን ባንክ ለመውሰድ ከትምህርትና ከሥራ የሚቀሩ፣ ወረቀት የሚያነቡ፣ ወረፋ የሚይዙ ናቸው። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ግን እውነቱ መነገር አለበት። ሚስጥር ቁጥር ለሌላ ሰው በተሰጠ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠፋል።

የመጀመሪያው የሕግ ከለላ ነው። በ2019 የወጣውና ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ የሚሠራው የክፍያ አገልግሎት ሕግ ለባለ ካርዱ ጥሩ ጥበቃ ይሰጣል። ካርዱ ተሰርቆ ወይም ቁጥሩ ተወስዶ ሌላ ሰው ከተጠቀመበትና ባለቤቱ ቶሎ ካሳወቀ፣ ኪሳራው በአብዛኛው በባለቤቱ ላይ አይወድቅም፤ የሚከፍለው በሕግ የተወሰነ አነስተኛ መጠን ነው። ባለቤቱ ካርዱንና ሚስጥር ቁጥሩን በገዛ እጁ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ከነበረ ግን ክርክሩ ይከብዳል። ተታልሎም ቢሆን ራሱ አጽድቆ የላከውን ገንዘብ ማስመለስም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው የሚያውቀው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የሽማግሌው ክብር ነው። የራሱ ጡረታ ስንት እንደቀረ ለማወቅ የልጅ ልጁን የሚጠብቅ አባት፣ ሃምሳ ሸቀል ለሰንበት ዳቦና ለዶሮ ለማውጣት የሚያስፈቅድ አባት፣ በቤቱ ውስጥ ያለው ቦታ ቀስ እያለ ይለወጣል። ጥንት ቤተሰቡን ያስተዳድር የነበረው እሱ ነው። ዛሬ የሱን ገንዘብ ሌላ ያስተዳድረዋል። ማንም አልሰረቀውም፤ ግን የሆነ ነገር ተወስዶበታል። ልጁም ቢሆን ሳይፈልገው ሸክም ተጭኖበታል። አንድ ቀን መቶ ሸቀል ቢጎድል የሚጠረጠረው እሱ ነው። ስንቱ ቤተሰብ በእንዲህ ያለ ነገር ተኮራርፏል!

መፍትሔው ልጆቹን መራቅ አይደለም። እርዳታው በግልጽና በሕግ መንገድ ይሁን ነው። ባንክ ውስጥ በባለቤቱ ፊርማ ይፑይ ኮሕ መስጠት ይቻላል። ይህም ለማን፣ ለምን ያህል፣ ለየትኛው ሥራ ውክልና እንደተሰጠ በጽሑፍ ያስቀምጣል። ሰው አቅሙ ሳይደክም ለወደፊቱ የሚያምነውን ሰው የሚመርጥበት ዘላቂ ውክልናም ከ2017 ጀምሮ በእስራኤል ሕግ አለ። እነዚህ ዕቁቡ ላይ የነበረው ዋስ በዘመኑ ቋንቋ ናቸው። ለልጁም ከለላ ናቸው፤ የሠራውን የሚያሳይ ወረቀት ይኖረዋልና።

በሽታውን የደበቀ

ከገንዘቡ መጥፋት የሚብስ አንድ ነገር አለ፤ ዝምታ። የተታለለ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ አይናገርም። "ልጆቼ ምን ይሉኛል? ስልኬን ይቀሙኛል። ጎረቤት ይስቅብኛል" ይላል። ሌባው ይህን ያውቃል፤ ዝምታው ጊዜ ይሰጠዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያው ሌባ በማግሥቱ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ያለችውን ሌላ እናት ይደውልላታል። አንዱ ሲደብቅ ሌላው ይወድቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለአካል ብቻ አይደለም።

መታለል ውርደት አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ የባንክ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች በየቀኑ ይታለላሉ። ሌባው የሚያጠቃው አለማወቅን ብቻ ሳይሆን ድንጋጤን፣ ደግነትንና ለባለሥልጣን ያለንን አክብሮት ነው። የኛ ሽማግሌዎች ደግሞ "መንግሥት ጠራኝ" ሲባሉ ቆመው የሚያዳምጡ ጨዋዎች ናቸው። ያንን ጨዋነት የበዘበዘ ነው ማፈር ያለበት።

ስለዚህ የሆነ ነገር ከተፈጠረ ሰዓት ማባከን አይገባም። መጀመሪያ ለባንኩ ወይም ለአሽራይ ድርጅቱ መደወልና ካርዱን ማስዘጋት። ቀጥሎ በ100 ፖሊስ ማሳወቅ። የብሔራዊ ሳይበር መሥሪያ ቤት የጥሪ ቁጥር ደግሞ 119 ነው፤ አጠራጣሪ መልእክት ሲመጣም ገና ሳይከፈት መጠየቅ ይቻላል። እነዚህ ቁጥሮች በትልቁ ተጽፈው ፍሪጁ ላይ ቢለጠፉ ከብዙ ስብከት ይሻላል።

"ታዲያ ጥሬ ገንዘብ አይሻልም?"

ብዙ አባቶች ይህን ሁሉ ሰምተው "በቃ፣ እኔ በወረቀቱ እቀጥላለሁ" ማለታቸው አይቀርም። አባባላቸው ሊናቅ አይገባም። በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ኮድ አይጠይቅም፣ ባትሪ አያልቅበትም፣ ኔትዎርክ አያስፈልገውም። ወር እስኪያልቅ ስንት እንደቀረ በመዳሰስ ይታወቃል።

ማሽን እንደሚወድቅም ታይቷል። በኖቬምበር 2024 እዚሁ እስራኤል ውስጥ የአሽራይ ክፍያ በሚያስተላልፍ ሥርዓት ላይ በደረሰ የሳይበር ጥቃት በብዙ ሱቆች የካርድ ማሽኖች ለተወሰነ ሰዓት ተስተጓጉለው ነበር። በኤፕሪል 2025 በስፔንና በፖርቱጋል መብራት ሲጠፋ ዳቦ መግዛት የቻለው ጥሬ ገንዘብ በኪሱ ያለው ሰው ነው። ከዓለም ሁሉ ቀድማ ከጥሬ ገንዘብ የራቀችው ስዊድን እንኳ በ2024 መጨረሻ ለየቤቱ በላከችው የአደጋ ጊዜ መመሪያ ዜጎቿ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚሆን ጥሬ ገንዘብ እንዲይዙ መክራለች። በኢትዮጵያም በማርች 2024 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ሰዎች በሒሳባቸው የሌለውን ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አድረው ነበር። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ባንኩ "መልሱ" ብሎ ሲለምን ሰነበተ፤ አብዛኛውም ተመለሰ። ቁጥር ሲሳሳት እንዲህ ነው።

ግን ወረቀቱም የራሱ አደጋ አለው። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ብዙ ገንዘብ ከተሰረቀ ወይም ከተቃጠለ የሚመልሰው የለም። በ28ኛው ቀን ጡረታውን ሁሉ በመሐረብ ቋጥሮ በእግር የሚሄድ ሽማግሌ ለነጣቂ የተመቸ ነው። ሰው ሳያውቅ ሞት ቢቀድመው ፍራሽ ውስጥ የተሰፋውን ማን ያገኘዋል? ሕጉም እንደታየው ትልቁን ክፍያ በጥሬው አይፈቅድም። በኢትዮጵያ ያለው ዘመድም ሄዶበታል። ቴሌብር በ2021 ሥራ ጀምሮ ዛሬ ገበያው ውስጥ ገብቷል፤ በአዲስ አበባ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ሆኗል። ጎንደር ላለ ወንድም ገንዘብ ሲላክም ከዚያ ወገን የሚቀበለው ስልክ ነው። ከዚህ ጎርፍ ውጭ መቆም አይቻልም።

ስለዚህ ብልኅ መንገዱ ሁለቱንም መያዝ ነው። ለሳምንት የሚበቃ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ በቤት፤ ዋናው በባንክ። በስልክ የሚከፈል ነገር ካለ ደግሞ ከዋናው ሒሳብ የተለየ ጥቂት ገንዘብ ያለበት ካርድ። የአሽራይን ወርሃዊ ጣሪያ ባንኩን ጠይቆ ዝቅ ማስደረግም ይቻላል። ያለ ሚስጥር ቁጥር በማስጠጋት ብቻ የሚከፈለው እስከ 300 ሸቀል መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ ካርድ ከጠፋ ደቂቃ ሳይጠፋ ማሳወቅ የሚገባው ለዚህ ነው። የእህልን ዘር ሁሉ በአንድ ጎታ የማያስቀምጥ ገበሬ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

ማን ምን ያድርግ?

ሸክሙ ሁሉ በሽማግሌው ትከሻ ላይ መውደቅ የለበትም። ባንኮች ከቅርንጫፍ መዝጋት ያተረፉትን ጥቂቱን እንኳ ለማስተማር ቢያውሉት ተገቢ ነው። እንደ ሬሖቮት ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጅ በሚኖርበት ከተማ ባንክ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ቢያቆም፣ ቢያንስ በ28ኛው ቀን፣ ውለታ ሳይሆን ለደንበኛ የሚገባ አገልግሎት ነው። ማሽኑ ሩሲያኛና ዐረብኛ መናገር ከቻለ አማርኛም ይችላል። የቃን ረቃ የአማርኛ ሬዲዮ በብዙ ሽማግሌዎች ቤት ይከፈታል። አዲስ የማታለል ዘዴ በወጣ ቁጥር በዚያ ቢነገር ሚስሮን የማያነበው ሰው በጆሮው ይሰማዋል።

የሰፈሩ መትናስና የአረጋውያን ሞዓዶን ደግሞ ከንግግር ይልቅ ልምምድ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ወጣት አጠገብ ቁጭ ብሎ የሐሰት ሚስሮን እያሳየ "እማማ፣ ይህን ትከፍቻለሽ?" ብሎ ቢጠይቅ፣ እሳቸውም አንዴ ተሳስተው ሁለተኛው ላይ ቢይዙት፣ ከአሥር ወረቀት በላይ ይጠቅማል። ቄሶችና ሽማግሌዎችም በሰንበትና በለቅሶ ቤት የሚናገሩት ይሰማል። አንድ የተከበረ ሽማግሌ ተነሥቶ "እኔም ተታልዬ ነበር" ቢል፣ የዝምታው ግድግዳ በዚያች ዓረፍተ ነገር ይፈርሳል።

በየቤቱ ደግሞ አንዲት ደንብ ትበቃለች። ማንም ይደውል፣ ማንም ይጻፍ፣ ገንዘብ ከመንቀሳቀሱ በፊት አንድ ምስክር ይጠራ። ስልኩ ይዘጋ፤ ዘመድ ነኝ ያለውን በድሮው ቁጥሩ መልሶ መደወል፤ ባንክ ነኝ ያለውን ካርዱ ላይ በታተመው ቁጥር መደወል፤ አጠገብ ላለ ለሚታመን ሰው ጮክ ብሎ መናገር። ሌባው የሚፈልገው ብቸኛ ሰው ነው። ሁለተኛ ሰው ሲገባ ጥድፊያው ይበርዳል። እውነተኛ ጉዳይ አሥር ደቂቃ ይታገሣል፤ ውሸት ግን አይታገሥም።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። ዕቁብ የመሠረቱ፣ ያለ ዋስ ያልተበደሩ፣ ያለ ሽማግሌ ውል ያልቋጠሩ ሰዎች ያመጡት ነው። ወጣቶቹ ስልኩን ያስተምሯቸው፤ እነሱ ደግሞ ምስክርን ያስተምሯቸው። የሚቀጥለው 28ኛ ቀን ሲመጣ ከቂርያት ሞሼ የሚወርዱት እናቶችና አባቶች ቁጥራቸውን በራሳቸው ጣት ቢጫኑ፣ አጠገባቸው የቆመው ልጅ ፊቱን ዞር አድርጎ ቢጠብቅ፣ ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ገንዘቡ የነሱ ነው፤ ሚስጥሩም የነሱ ሆኖ ይኑር።